የኮሪያ ነገሥታት ተዝካር በቢቸና

አፌ ትልቅ ነው። እናቴ «የዚህን ልጅ አፍ ገበያ ቢያወጡት ጥማድ በሬ ይገዛል» ትል ነበር። አስተማሪ የሆንኩትም፣ ከአለቆቼ ጋር ስጨቃጨቅ የኖርኩትም በእሱ ምክንያት ነው። የአገሬ ነገር ሲነሣ ደግሞ ይብስብኛል። ምሥራቅ ጎጃም ማለት የጤፍ አገር ነው ብሎ ወሬውን የሚቋጭ ሰው ከገጠመኝ የያዝኩትን ሻይ አስቀምጬ እከራከራለሁ። ጤፉስ እሺ፣ ሰዉን ምን አደረጋችሁት? ስለዚህ ኮሪያ ድረስ ሄጄ አፌን ሳልከፍት አለመመለሴ የሚያውቀኝን ሰው ሁሉ አላስገረመውም።

ኮሪያ የወሰደኝ የመምህራን ሥልጠና ነው። ቢቸና ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ከየአገሩ የተሰበሰብን መምህራን ቀን ቀን ስለ ማስተማር ዘዴ ስንማር እንውልና ቅዳሜ ሲሆን አገር ያሳዩናል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ የድሮ ቤተ መንግሥት ግቢ ይዘውን ሄዱ። የነገሥታቱ ሙዚቃ ሊቀርብ ነው ተባለና በየወንበራችን ተቀመጥን።

መጀመሪያ ዓይኔ ውስጥ የገባው ድንጋዩ ነው። እንደ ታጠፈ ክንድ ሆነው የተጠረቡ ድንጋዮች በእንጨት ማዕቀፍ ላይ በሁለት ረድፍ ተንጠልጥለዋል። አጠገባቸው የነሐስ ደወሎች እንደዚያው ተሰቅለዋል። ቀይ ረጅም ልብስ የለበሱ ሰዎች ከኋላቸው ቆመዋል፣ ሌሎቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ሰውዬ ቀዳዳ ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ወፍራም ዘንግ እያስገባ ሲወግጥ ዜማው ተጀመረ። ሲያልቅ ደግሞ ሌላው ከእንጨት የተቀረጸ ነብር ጀርባ ላይ የተደረደሩትን ጥርሶች በተሰነጣጠቀ ቀርከሃ ፍቆ አስቆመው። አስጎብኚያችን እንደነገረችን የቤተ መንግሥቱ መሣሪያዎች ከብረትም፣ ከድንጋይም፣ ከሐርም፣ ከቀርከሃም፣ ከቅልም፣ ከሸክላም፣ ከቆዳም፣ ከእንጨትም ይሠራሉ፤ ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሙዚቃው ሙሉ አይባልም። የጥንት ሰዎች ጠላት መጣ ሲባል ድንጋዮቹን ውሃ ጉድጓድ ውስጥ ደብቀው ነው የሸሹት ይባላል አለች።

በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው ግን እንዴት ዝግ ያለ ነው። አንዲት ድምፅ ይይዛሉ፣ ያቆዩዋታል፣ ያንቀጠቅጧታል፣ ተዉአት ስትል መልሰው ያነሷታል። አጠገቤ የነበረው የሌላ አገር መምህር አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ተኛ። እኔ ግን ልጅነቴ ትዝ አለኝ። ሞጣ አጠገብ ያደግሁበት ደብር ወይራው ላይ በጠፍር የተንጠለጠለ የድንጋይ ደወል ነበረው። በልጅነቴ ደብረ ወርቅ ዜማ ተምሬያለሁ፤ የኔታ ርክርክ የምትባለውን አንዲቱን የዜማ ምልክት በትክክል እስክናንቀጠቅጣት ድረስ ወደሚቀጥለው ቃል አያሳልፉንም ነበር። ስንት ባሕር ተሻግሬ የማላውቀው ቋንቋ በሚነገርበት ግቢ ተቀምጬ የማውቀውን ነገር ሰማሁ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አላፈርኩበትም።

ሲያልቅ ከሙዚቀኞቹ አንዷ እንግሊዝኛ ስለምታውቅ ልታናግረን መጣች። ፀጉሯ መሸበት የጀመረ፣ ቀጭን ሴት ናት። በእጇ የያዘቻትን መሣሪያ «ሄጉም» አለችን። ማሲንቆ ነች ማለት ይቻላል፤ ልዩነቷ አውታሯ ሁለት መሆኑና ሐር መሆኑ ነው። የደጋኑ ጭራ በሁለቱ አውታሮች መካከል ስላለፈ ደጋንና መሣሪያ አይለያዩም።

«ይቅርታ አድርጉልን፤ ረጅምና ቀርፋፋ ነው፤» አለች እየሳቀች። «ሰልችቷችሁ ይሆናል። የኛም ወጣቶች አይመጡም። የመጡትም ይተኛሉ።»

ይቅርታዋ አናደደኝ። ሰው እንዲህ ያለ ሀብት ይዞ ይቅርታ ይጠይቃል?

«እኔ አገር እንዲህ ያለ ዜማ ተቀምጦ የሚሰማ የለም፤» አልኳት። «ሰው መቋሚያውን ተደግፎ ቆሞ ያድራል።»

ጎንበስ ብላ «በጣም ደስ ይላል» አለችኝ። እነሱ ዘንድ ጎንበስ ማለት አክብሮት እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ጎንበስ አባባሏ «አላምንህም፣ ግን አልሰድብህም» የሚል መሰለኝ። በዚህ ጊዜ አፌ ጨርሶ ተከፈተ። «ቢቸና የምትባል ከተማ አለች። ነይና በዓይንሽ እይ። ካልቆሙ ከዛሬ ጀምሮ ስለ አገሬ አንዲት ቃል አልናገርም» ብያት የስልክ ቁጥሬን ሰጠኋት።

ዓመታት አለፉ። በየበዓሉ በስልክ መልካም ምኞት እንለዋወጣለን፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልነበረንም። መንገዱ ሰላም በሆነበት አንድ ዓመት ግን መልእክት መጣ። ከኦርኬስትራው ጡረታ ወጥታለች። ኢትዮጵያን ልትጎበኝ ነው። ቢቸና መጥታ ትጫወታለች። «ቆመው የሚሰሙትን ሰዎች ማየት እፈልጋለሁ» ትላለች።

ጉድ ፈላብኝ። እኔ የተናገርኩት ስለ ማኅሌት ነው። ማኅሌት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፣ ከበሮና ጸናጽል አለው፣ ቃል አለው፣ ከሁሉ በላይ የሚቆሙለት አምላክ አለው። አዳራሽ ውስጥ አንዲት የውጭ አገር ሴት ባለ ሁለት አውታር ማሲንቆ ስትመታ ማን ይቆማል? ነገሩን መጀመሪያ ያዋየሁት ሞጣ ላለው ጓደኛዬ ነው። ጨርቅ ነጋዴ ነው፣ እስላም ነው፣ አባቶቻችንም ጓደኞች ነበሩ። ሱቁ ውስጥ ጣቃ ላይ ተቀምጬ ሁሉን ነገርኩት። እስኪበቃው ሳቀ።

«ሰው የሚቆመው ለፈጣሪው ብሎ ነው፤» አለኝ። «ለኮሪያ ማሲንቆ ማን ይቆምልሃል? የቢቸና ሰው እንኳን ሊቆም እስኪያልቅ መቀመጡም ያጠራጥራል።»

«የሞጣ ሰው ቅናት ነው ይህ።»

«ቅናቱን ተወውና ስማኝ። ልጆቹ ያፏጫሉ፣ ትልልቆቹ አይመጡም፣ አንተ ትዋረዳለህ። እኔም እመጣለሁ፤ ስትዋረድ ብቻህን እንዳትሆን።»

የፈራሁትን ነገር ነው የተናገረው። ተማሪዎቼ ኮሪያን የሚያውቋት ወደ አማርኛ በተመለሱ ድራማዎች ነው። የኮሪያ ሙዚቃ ሲባሉ አዳራሹን ይሞሉታል፤ የሚጠብቁት ግን ፀጉራቸውን ቀለም የተቀቡ ልጆች የሚዘሉበትን ነው። ዝግ ያለ ዜማ የመስማት ጉልበት ያላቸው ሰዎች ሌሎች ናቸው። ደጅ ደጁን በፀሐይ ተቀምጠው መቁጠሪያ የሚቆጥሩት አባቶች ናቸው። የእነሱ ራስ ደግሞ የኔታ ናቸው፤ ደብረ ወርቅ ዜማ ያስተማሩኝ፣ አሁን አርጅተው ቢቸና ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩት። የኔታ ከመጡ ሁሉም ይመጣል።

ሄድኩ። አጥራቸው ሥር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ልትለምን መጣህ?»

ከእሳቸው የሚደበቅ ነገር የለም። የእንግዳዬን ነገር ከመጀመሪያው አንሥቼ አጫወትኳቸው። ደገፍ ብለው ሰሙኝና መሣሪያዋ ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«በጭራ የሚከረከር ነው አልክ?»

«አዎ የኔታ።»

«ማሲንቆ ነዋ።»

«መልኳ ይመስላል፣ ነገር ግን...»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ማሲንቆ ልሰማ አዳራሽ ልግባ? ጠላ ቤቱስ ምን በደለኝ?»

የኔታ ማሲንቆን አይጠሉም። ሠርግ ላይ ከአጥር ውጭ ቆም ብለው ሲያዳምጡ አይቻቸዋለሁ። ካህን ግን ስፍራ አለው፣ አዝማሪም ስፍራ አለው፤ ይህን የሚያፋልስ ሰው አይወዱም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው። ይህቺ መሣሪያ የመጠጥ ቤት አይደለችም፣ የቤተ መንግሥት ናት። አታወድስም፣ አትሰድብም፣ ሽልማት አትጠይቅም። እንግዳዬ የምትጫወተው ዜማም የሞቱ ነገሥታት መታሰቢያ ላይ የሚዜም ነው። መታሰቢያ ቤታቸው ደጃፍ ምግብና መጠጥ ይቀርባል፣ ዘር ማንዘራቸው ይሰበሰባል፣ ዜማው ይቀርባል።

«እንደ ተዝካር ያለ ነው፣ የኔታ» አልኳቸው።

መቁጠሪያቸው ቆመ።

«ተዝካር?»

«አዎ።»

«የተጠመቁ ናቸው?»

«አይደሉም።»

መቁጠሪያቸውን መልሰው ጀመሩ። ከዚያ «ንጉሥም ይሞታል» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። «እንግዲህ ተዝካር ካልክ ጠርተኸናል። እንመጣለን።»

እጃቸውን ስሜ እየዘለልኩ ወጣሁ። የተናገርኩትን ቃል ክብደት ግን ያን ዕለት አልመዘንኩትም።

እንግዳዬ ከባሕር ዳር በሞጣ በኩል መጣች። ሞጣ ድረስ ሄጄ ተቀበልኳትና ጓደኛዬ ምሳ አበላን። መሣሪያዋን ተቀብሎ አገላብጦ አየና «ሁለት አውታር ይዛ እንዲህ ከከሳች ባለ አንዱ የኛ ይሻላል» አለ። ተረጎምኩላት፤ ሳቀች። በማግስቱ ሦስታችንም በአንድ መኪና ወደ ቢቸና ወረድን። መንገድ ላይ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ደጅ አስቁሜ የድንጋይ ደወሉን አሳየኋት። ቀረብ ብላ አየችው። ከዚያ መምታት ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ሽማግሌ «ያለ ሰዓቱ አይመታም፤ ከተመታ አገር ይመጣል» አሉ። እሷም በጣቷ አጥንት ነካ አድርጋ ጆሮዋን አስጠጋች።  ፊቷን ሳየው የእኛን ድንጋይ ስላሳየኋት ኮራሁ።

ዝግጅቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጓደኛዬ ጁምዓ ሰግዶ መጣ። የከተማው አዳራሽ ጢም ብሏል። ከኋላ ተማሪዎች፣ ከመካከል የመንግሥት ሠራተኞችና እናቶች፣ ከፊት ረድፍ የኔታና ሌሎቹ አባቶች ነጭ በነጭ ሆነው ተቀምጠዋል። ገና ሰላምታ ስሰጥ መብራት ጠፋ። ድምፅ ማጉያው ሞተ። እንግዳዬን ዞሬ ባያት «ነገሥታቱም ድምፅ ማጉያ አልነበራቸውም» አለችኝ። እኔ ግን ተጨነቅሁ፤ ያቺ ቀጭን ድምፅ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ላይ ልትሰማ የምትችለው ሰው ጸጥ ካለ ብቻ ነው።

ቀሚሷ ሰፊ፣ ቀለሙ የበሰለ ብርቱካን የመሰለ ነበር። ወጥታ መድረኩ ላይ መሬት ልትቀመጥ ስትል ጉርምርምታ ተነሣ። እንግዳ መሬት ይቀመጣል? ሁለት ሰዎች ወንበር ተሸክመው ሮጡ። የሄጉም ወጉ መሬት መቀመጥ ነው ብዬ ባስረዳም ማንም አልሰማኝም። መጨረሻ ላይ የኔታ «እንግዲያው አጎዛ አንጥፉላት» አሉና ከአቅራቢያ ቤት ነጭ አጎዛ መጣ። ተቀመጠችበት፣ በእጇ ዳሰሰችው፣ ለየኔታ ጎንበስ አለች። ከኋላ አንዱ አፏጨ።

ስለ ዜማው ትንሽ ተናገርኩ። «የሞቱ ነገሥታት መታሰቢያ ላይ የሚዜም ነው» ብዬ ወረድኩና ከጓደኛዬ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ጀመረች። የመጀመሪያዋ ድምፅ ረጅም ነበረች። ከአፍንጫ የምትወጣ፣ ትንሽ ሻካራ፣ የሚያለቅስ ሰው ድምፁን ሊያስተካክል ሲሞክር የሚያወጣት ዓይነት። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ስልኮች ወደ ላይ ወጡ። «መቼ ነው የሚጀምረው?» የሚል የልጅ ድምፅ ሰማሁ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ቀጠለች። ሁለተኛዋን ድምፅ ያዘች፣ አቆየቻት፣ ማንቀጥቀጥ ጀመረች።

በዚህ መካከል የኔታ እጃቸውን ወንበሩ ላይ ጣሉና ተነሡ።

ከጎናቸው የነበሩት አባት ተከተሉ። ከዚያ ቀጣዩ። የፊት ረድፍ ወንበሮች ሁሉ ሲንጓጉ እንግዳዬ ዓይኗን ገለጠች። ነጭ ለባሾቹ በሙሉ ብድግ ብለው፣ በትራቸውን ይዘው ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ አየች።  እኔን ፈለገችና አየችኝ። ምን እንዳሰበች ገባኝ፤ እኔም ያንኑ ነው ያሰብኩት። ሊወጡ ነው። ያ ሁሉ ትልቅ አፌ፣ ያ ሁሉ ባሕር ማዶ ያደረግኩት ፉከራ፣ በገዛ ከተማዬ በገዛ መምህሬ እግር ወጥቶ ሊሄድ ነው። ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አላልኩህም?» አለኝ። ሳቅ አልነበረበትም፣ አዝኖልኛል። የእሱ ማዘን ከሁሉ በላይ አቃጠለኝ።

የኔታ ግን ወደ በሩ አልዞሩም። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፉ። መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አስገቡ። ተደገፉ። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ። ሌሎቹም እንደዚያው አደረጉ። ከኋላቸው የነበሩት እናቶች ይህን አይተው ተነሡ፤ ሽማግሌ ቆሞ የሚቀመጥ እናት የለም። ሠራተኞቹ ተነሡ። የወረዳው ሰዎች ተነሡ። ከዚያ ያ ሁሉ ተማሪ፣ የሚያፏጨውም ጭምር፣ እንደ አንድ ሰው ተነሣ። የወንበሩ ድምፅ ሲያልቅ አዳራሹ ውስጥ የቀረው የሄጉም ድምፅ ብቻ ነበር።

እሷ ገባት። እንዴት እንደገባት አላውቅም፣ ግን ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት። ዓይኗን መልሳ ጨፈነች። ዜማው ረጅም ነው። አንድ ሰው አልተቀመጠም። ትንሽ ቆይቶ የአባቶቹ ትከሻ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ዝግ ብሎ መዘመም ጀመረ። እነዚህ ሰዎች ይህን ዜማ ሰምተውት አያውቁም፤ የትንፋሹን ስፍራ ግን ያውቁታል። ከኋላ ሆኜ የእነዚያን ነጭ ትከሻዎች እንቅስቃሴ አየሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ሰዓት በአገሬ ሰው ኮርቼ አላውቅም። ኩራቴ ራሱ አስለቀሰኝ።

የመጨረሻዋ ድምፅ ቀጥና ጠፋች። ደጋኑን አወረደች። ያጨበጨበ የለም። ጸጥታው ሲረዝም እንግዳዬ መልሳ አየችኝ፤ ምን አጠፋሁ የሚል ፊት ነበራት። የኔታ መቋሚያቸውን ከብብታቸው አወጡና ሁሉም እንዲሰማ አድርገው ተናገሩ።

«ለነገሥታቱ ነፍስ ይማር።»

«አሜን» አለ አዳራሹ። እናቶቹም ተማሪዎቹም።

ከዚያ በኋላ ሰዉ ተቀመጠ። እኔ ወደ መድረኩ ወጣሁ። «ምን አሉ?» አለችኝ። «ለነገሥታታችሁ ነፍስ ምሕረት ለመኑ» አልኳት። አጎዛው ላይ እንደተቀመጠች እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ሊወጡ መስሎኝ ነበር» አለች። «ይህን ዜማ ዕድሜዬን በሙሉ ተጫውቼዋለሁ። መታሰቢያ ቤቱ ደጃፍ ሲቀርብ ሰው ሁሉ ቆሞ ነው። አዳራሽ ውስጥ ግን ሰው ወንበሩ ላይ ነው፣ እኔም የማየው ሰዓቱን ነው። ለሙታን የሚዜም መሆኑን እኔ ራሴ ረስቼው ነበር። እሳቸው አስታወሱኝ።»

ይህን ለየኔታ ተረጎምኩላቸው። የኔታ ተገረሙ፤ በእሷ ሳይሆን ወንበር በደረደርነው በኛ።

«አንተ አይደለህ የሙታን ነው ያልከኝ? የሙት ዜማ ተቀምጦ ይሰማል እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይልቅስ ተዝካር ብለህ ነው የጠራኸን። እህሉ የታለ?»

እየቀለዱ መሰለኝና ሳቅሁ። አልሳቁም። ከጎናቸው ያሉት አባቶችም አልሳቁም። እንኳን የንጉሥ፣ የድሃም ተዝካር ያለ እህል አይወጣም። ዜማው ቀርቦ፣ ነፍስ ይማር ተብሎ፣ ሰው በባዶ ሆዱ ከተበተነ የሚዋረዱት ነገሥታቱ እንጂ እኔ አይደለሁም። ይህን ስተረጉምላት እንግዳዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ ሳቀች፤ እንባዋ ገና አልደረቀም። «እኛም ዘንድ እንደዚያው ነው» አለች። «ለሙታን የቀረበውን ምግብና መጠጥ ሥርዓቱ ሲያልቅ ሰዎቹ አብረው ይቀምሱታል። ካልቀመሱት አላለቀም።»

ሰው ልኬ ለባለቤቴ አስነገርኩ። የመለሰችልኝን እዚህ አልጽፈውም። ለእንግዳዋ ብቻ አስባ የሠራችው የአንድ ቤት ራት ነው። ጎረቤት ግን ለዚህ ነው ጎረቤት የሚባለው። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ደርሶ ኖሮ ግቢያችን ስንገባ ከየቤቱ መሶብ እየወጣ ነው። ማን ሞተ ብለው የጠየቁ ነበሩ። «የኮሪያ ነገሥታት» ሲባሉ «ነፍስ ይማር» ብለው ጠላቸውን አስቀመጡ። ቀኑ ዓርብ ስለሆነ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ሁሉ የጾም ነበር፤ ጓደኛዬም ከሁሉም ጋር ከአንድ መሶብ በላ። የኔታ ከመብላታችን በፊት ተነሥተው ባረኩ። የነገሥታቱን ስም ጠየቁኝና አላወቅሁም። እንግዳዬን ጠየቅኋት። ስማቸውን አንድ በአንድ እየጠራች ስትሄድ የኔታ እያንዳንዱን በአቅማቸው እየደገሙ፣ ምላሳቸው እምቢ ሲል እያለፉ፣ «የቀሩትንም እሱ ያውቃቸዋል» ብለው ጨረሱ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባቶቹ እየመረቁ ሄዱ። እንግዳዬ እደጃፉ ድረስ እየሄደች ለእያንዳንዳቸው ጎንበስ አለች። አሁን ያ ጎንበስ ማለት ምን እንደሆነ የሚተረጉምልኝ አልፈለግኩም። እኔና ጓደኛዬ ግድግዳው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ቀረን።  እኔ አላስቻለኝም።

«እህ፣ የቢቸና ሰው መቀመጡም ያጠራጥራል ያለው ማን ነበር?»

 ጢሙን ሲያሻሽ ቆየ።

«ይህን እዚህ አወጣችሁ፤» አለ በመጨረሻ። «ሙት ዓመቱን ሞጣ እናወጣለን። ንገራት።»

«የሞጣ ሰው መቆሙን ያውቅበታል ወይ?»

ዞሮ አየኝ። ያን ዕለት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓይኔ ከመድረኩና ከነጭ ለባሾቹ ላይ ስላልተነሣ አጠገቤ ያለውን ሰው አላየሁትም ነበር።

«እኔ ቆሜ አልነበረም?» አለኝ።